በጀማ ወንዝ ለመዝናናት ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል? ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በእረፍት ቀንና በበዓል ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጀማ እንወርዳለን። የምንይዘው መንጠቆ፣ ክር፣ ትልና ሊጥ ነው። መረብ የለንም። የምንሸጠው ዓሣም የለም። የያዝነውን እዚያው ጠብሰን እንበላና ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እንደኛ ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ማንን ነው? ቀበሌ ይበቃል? ወይስ ወረዳ መሄድ አለብን?

አቋሜንም ልናገር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። ክልሉም የራሱን የዓሣ አዋጅ አውጥቷል። እኛ ግን ወንዝ ዳር ስንወርድ ከየት መጣችሁ የሚለን የለም። እኔ የሚጠይቀኝ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ። ርካሽ የቀን ካርድ ይኑር። ስንት ዓሣ መያዝ እንደሚቻል፣ ከየትኛው መጠን በታች ያለው እንደሚመለስ፣ በየትኛው ወር ማጥመድ እንደማይቻል ካርዱ ላይ ይጻፍ። ወንዙ ሳይራቆት በፊት ይህን ብናደርግ ይሻላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የመጡት መልሶች

መልስ 1 ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ነው። ልጁ ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጥቶ በሚቀጥለው ስንወርድ እንድንደውልለት ጋበዘን። በእነሱ በኩል መንጠቆ የያዘን ሰው ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረን። የካርዱን ሐሳብ ግን አልወደደውም። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ መሰብሰቢያ እንዳይሆን ፈርቷል። ስጋቱ ይገባኛል። ለዚህም ነው የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ፣ ደረሰኙም የታተመ ይሁን የምለው።

መልስ 2 ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። የጻፈው በአንድ ወረዳ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ነው። አጥማጆችን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት እንደማይገባ አስረዳ። ለገበያ የሚያጠምድ አለ። ለጓዳው የሚያጠምድ አለ። ለመዝናናት የሚያጠምድም አለ። የአዋጁ ጠንካራ እጅ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው። ለእኛ የሚመክረው መጀመሪያ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ማንኳኳት ነው። ስንት ሰው እንደሆንን፣ በምን እንደምናጠምድና የት እንደምንወርድ ገልጸን ማመልከቻ እናስገባ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካገኘን ቅጂውን ለቀበሌው እንስጥ። ይህ ሲሆን የአካባቢው ሚሊሻም ሆነ ገበሬው ማን እንደሆንን ያውቃል።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ጀማ በብዙ ቦታ የአማራና የኦሮሚያ ክልሎች ድንበር ነው። በወዲህኛው ዳር የተሰጠ ደብዳቤ በወዲያኛው ዳር አይሠራም። ከአንድ ክልል በላይ የሚነካ ውሃ ደግሞ የፌዴራሉንም መንግሥት ይመለከታል። ከኔ መነሻ ጽሑፍ የጎደለው ይህ ነበር። ዓሣው ድንበር አያውቅም፤ መረቡም ቢሆን ከሁለቱም ዳር ይጣላል።

መልስ 3 አመስግኖ ጀማ ውስጥ ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ ጠየቀ። እኔው መለስኩለት። አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ፣ ቆሮሶ አለ። ወደ ዓባይ በቀረበ ቁጥር ትልልቅ ይገኛል።

መልስ 4 የመርሐቤቴ አዛውንት ናቸው። ረዥም ጻፉ። ሁሉንም እዚህ ባላመጣውም ዋናውን ማለፍ አልችልም። በልጅነታቸው ወንዙ በበጋ ሲቀንስና ውሃው በየኩሬው ሲቀር ጎልማሶች የብርብራ ፍሬ ይወቅጡ ነበር። ዱቄቱን ኩሬው ላይ ይበትኑታል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልልቁን ለቅመው ይሄዳሉ። ጣት የምታክለው ትንሿ ዓሣ እዚያው ትበሰብሳለች። በማግስቱ ኩሬው ይሸታል። እሳቸው ያኔ ደስ ብሏቸው ይለቅሙ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ያ ኩሬ ባዶ መሆኑን ሲያዩ እንደሚከፋቸው ጻፉ። አሁንም ልማዱ አለመቆሙን ተናገሩ። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ትልቅ ሰው ባይኖር ኖሮ እኛ በወሬ ብቻ እንከራከር ነበር።

ለማያውቅ ሰው ይህን ልጨምር። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለ። ይህ በመተንፈሻው በኩል ወደ ዓሣው ሲገባ ሰውነቱ ኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል። ውሃው ውስጥ አየር ሞልቶ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። መንጠቆ አንዱን ይይዛል፤ ብርብራ ግን ያገኘውን ሁሉ ይጨርሳል።

መልስ 5 ላይ ነገሩ ከረረ። የጻፈው ሰው ወንዙ ዳር ያደገ ይመስለኛል። ከከተማ በመኪና ወርደን፣ ዓሣ ጠብሰን፣ ፎቶ ተነሥተን የምንሄድ ሰዎች ስለ ብርብራ ለመናገር መብት እንደሌለን ገለጸ። መረብ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ገበሬ በእጁ ባለው ነገር እንደሚጠቀም፣ ፈቃድና ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከሰሰውም እሱ እንደሆነ ጻፈ። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ። ከውስጡ ያለው ነጥብ ግን እውነት አለው። ሕግ ሲወጣ ለጓዳው የሚያጠምደው ሰው በደንብ መጠበቅ አለበት። ብርብራው ግን ያንኑ ገበሬ ነው የሚጎዳው። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ምን ያጠምዳል?

መልስ 6 በትህትና የመለሰችለት የባዮሎጂ መምህርት ናት። ስለ ቆሮሶ ያነሳችው ነገር ብዙዎቻችንን አስደነቀን። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ እሷን የያዘ ሰው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም የያዘው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ክረምት ሲገባ ወደ ላይ ይወጣል። ጠጠር ያለበትና ጥርት ያለ ፈጣን ውሃ ይፈልጋል። በየገባሩ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው እንቁላሉን ገና ያልጣለውን ዓሣ ሁሉ ያገኘዋል። በጣና ነጭ ዓሣ እንዲያ ክፉኛ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ስለዚህ ከፈቃዱ በላይ የሚጠቅመው የመራቢያ ወቅት መከልከሉ እንደሆነ ተከራከረች። እኔ ሁለቱን አልነጥላቸውም። ወቅቱን የሚያስታውሰው ወረቀት ካርዱ ነው።

መልስ 7 ከቨርጂኒያ መጣ። እዚያ ዕድሜው 16 የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ በወንዝ መንጠቆ እንደማይጥል ተረከልን። በበጋቸው መግቢያ ላይ ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ጥቂት ነጻ ቀናት አሏቸው። ለጀማሪ ማለማመጃ ነው። በ1950 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣ ሕግ ከማጥመጃ ዕቃ ሽያጭ የሚሰበሰበው ታክስ ተመልሶ ለዓሣ ልማት እንደሚውልም ነገረን። እኔን የሳበኝ ይሄ ነው። ከአጥማጅ የወጣ ብር ወደ ወንዙ ይመለሳል። የእኛም ካርድ ገንዘቡ ለወንዝ ጠባቂ ቢከፈል ገበሬው ራሱ ይደግፈዋል።

ይኸው ሰው ዓሣውን ይዞ መልሶ መልቀቅ ጥሩ ልማድ እንደሆነ መከረ። ያ ምክር ውይይቱን ለሁለት ከፈለው።

መልስ 8 ከእንግሊዝ ነው። እዚያ ከ13 ዓመት ጀምሮ የመንጠቆ ፈቃድ ያስፈልጋል። በወንዝ ላይም በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8 ድረስ ብዙዎቹ ዓይነቶች አይጠመዱም፤ እንዲራቡ ነው። አጭርና ጥሩ መልስ ነበር።

መልስ 9 ላይ አዛውንቱ ተመለሱ። ይዞ መልቀቅ የሚባለው ነገር አልተዋጠላቸውም። ፍጥረትን አፉን በብረት ወግቶ፣ ጎትቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መልሶ መጣል በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ሊበላ ነው። ካልበላ አያጥምድ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

መልስ 10፣ 11 እና 12 በዚሁ ላይ ተጣሉ። አንዱ አዛውንቱን ኋላ ቀር አላቸው። ሌላዋ ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚናገሩት ከቤቱ ያልተማረ ሰው ስለ ወንዝ አያስተምረን የሚል መልስ ወረወረች። ሦስተኛው ነገሩን ለማብረድ ሞከረ። እንቁላል የያዘችና ትንሽ ዓሣ ትመለስ፣ የሚበላው ይበላ የሚል ነበር ሐሳቡ። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። የአዛውንቱን ቃል እንደ ቀላል አላየውም። እዚህ አገር የሚወጣ የማጥመድ ደንብ የሕዝቡን ነውርና ጽድቅ ካላወቀ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለጨዋታ ብቻ ዓሣ እያወጣ የሚጥል ሰው መርሐቤቴ ላይ አይወደድም። መጠኑ ያልደረሰውን መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። የእህል ዘር ለሚያስቀምጥ ገበሬ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ከመልስ 13 እስከ 16 ድረስ ጉዳዩ ወደ ጾም ሄደ። አንዱ በሁዳዴ ደብረ ብርሃን ላይ የዓሣ ዋጋ እንደሚንር ተናገረ። ሌላው በጾም ዓሣ መብላት እንደማይገባ ጻፈ። ሦስተኛው አባቱ ሲበሉ እንደኖሩ መሰከረ። ክርክሩ ሲጦፍ የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ይህ የአባቶች ጉዳይ ስለሆነ እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን እንዲጠይቅ አሳሰበ። ከዚህ ሁሉ አንድ የሚጠቅም ነገር ወጣ። ሁዳዴ የሚውለው በበጋ ነው። ወንዙ የሚቀንሰውም፣ ብርብራ የሚበተነውም በበጋ ነው። ገበያው ሲጠራና ኩሬው ሲጎድል አንድ ላይ ይገጥማሉ። ጠባቂ የሚያስፈልገው በተለይ ያኔ ነው።

መልስ 17 ከሸዋ ሮቢት ነው። ልጁ ስለ ጀማ ብቻ ማውራታችን አላስደሰተውም። የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች ውሃ ወደ አዋሽ በኩል እንደሚወርድ፣ የጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ እንደሚሄድ አስታወሰን። አንድ ዞን ውስጥ ሁለት ተፋሰስ አለ። ዓሣውም ሁኔታውም ስለሚለያይ አንድ ደንብ ለሁሉም አይሆንም። ትክክል ነው። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰውም ምክር ሰጠ። ቆላው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር ገብቶ መቆም አደገኛ ነው። ለወባ አጎበር መያዝ ያስፈልጋል። እኔም ከጀማ በኩል አንድ ልጨምር። ደጋው ላይ ዝናብ ከጣለ ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ውሃ ይመጣል። ውሃው ሲደፈርስና ቅጠልና እንጨት ይዞ ሲወርድ ካያችሁ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆዩ፤ ወደ ላይ ውጡ። ወንዙ መሀል ባለ ደሴት ላይ ሆኖ ማጥመድ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር።

መልስ 18 በቀጥታ እኔን ነው የመታው። ለባለሥልጣን መልካም ሰው ለመምሰል፣ በሰው ላይ ቀንበር ለመጫን የምጽፍ እንደሆንኩ ተናገረ። ነጻ የነበረን ወንዝ ማስከፈል ክህደት ነው አለ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ተረትም አስከትሎ ዝም ብዬ እንድቀመጥ መከረኝ።

መልስ 19 የእኔ ነው። እንዳልተቀየምኩ ገለጽኩለት። ወንዙ ነጻ ነው የሚለው ላይ ግን አልተስማማሁም። አዋጅ ያለበት ውሃ ነው። አዋጁን የማያስታውስ ሰው ሲበዛ የሚጠቀመው ብርብራ የሚበትነውና ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የሚዘረጋው ነው። እኔና እሱ በአንድ መንጠቆ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን የምንይዘውን ብርብራ በታኙ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። እኔ ካርድ ልያዝ የምለው ያንን ሰው ለመጠየቅ ነው። ራሴ ሳልጠየቅ ሌላውን እንዴት ልጠይቅ? ለጓዳው የሚያጠምደው የወንዙ ዳር ነዋሪ ከክፍያው ነጻ ይሁን የሚለውንም እዚያው ጻፍኩ። ሰውየው አልመለሰልኝም።

መልስ 20 የደብረ ብርሃን ሴት ናት። ከሁላችንም የበለጠ የተቆጣችው እሷ ናት። ስለ መንጠቆ ስንነታረክ በሬሳ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ታች እየወረደ መሆኑን እንዳንረሳ አሳሰበችን። ልብስ ይታጠብበት የነበረው ውሃ ዛሬ ቀለሙ ይለዋወጣል። የበሬሳ ውሃ ደግሞ መጨረሻው ጀማ ነው። መልስ 21 በዚህ ላይ የአሸዋ መኪናዎችን ጨመረ። ከወንዙ ዳር አሸዋና ጠጠር ሲዛቅ ነጭ ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱም ከርዕሱ የወጡ ይመስላሉ፤ አልወጡም። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የውሃውን ቀለም ከሁሉ ቀድሞ ያያል። የተመዘገቡ አጥማጆች ቢኖሩ ስለ ፍሳሹም ስለ አሸዋውም ለጽሕፈት ቤቱ የሚያመለክት አካል ይኖር ነበር።

መልስ 22 አንድ የባሌ ሰው ነው። በእነሱ ተራራ ምንጮች ውስጥ ትራውት የሚባል ከውጭ የመጣ ዓሣ እንዳለና ሰው በመንጠቆ ሊያጠምደው እንደሚመጣ ነገረን። ዘሩ የመጣው ከኬንያ ነው። የእኛም ደጋ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለምን ሞፈር ውሃ በሚባለው ወንዛችን ውስጥ አይጨመርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው ወደደው። እኔ አልወደድኩትም። መልስ 23 ላይ የወረዳው ባለሙያም ተቃወመው። ያለ ፈቃድ ከሌላ ቦታ ዓሣ አምጥቶ ውሃ ውስጥ መልቀቅ በአዋጁ ክልክል ነው። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ ትንንሾቹን የአገር ዓሣዎች ይበላቸዋል። በዚህ ጉዳይ ማንም በጀሪካን ሞክሮ እንዳያይ አጥብቄ እለምናለሁ። አንዴ ወንዝ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም።

በዚያው መልስ 23 ላይ ባለሙያው ለማመልከቻው የሚሆን ሐሳብ ዘረዘረልን። ሁላችንም የምንፈርምበት ደብዳቤ ለወረዳዎቹ ይግባ፤ ቅጂው ለዞኑ ይድረስ። ደብዳቤው አራት ነገር ይጠይቅ። ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው በደረሰኝ የቀን ካርድ ይውሰድ። የወንዙ ዳር ነዋሪ ለጓዳው ሲያጠምድ አይክፈል። በክረምት በገባሮቹ አፍ ላይ ማጥመድ ይቁም። በበጋ ኩሬዎቹን የሚጠብቅ ከየቀበሌው አንድ ሰው ይመደብ፤ አበሉም ከካርዱ ገንዘብ ይሁን። መልስ 5ን የጻፈው ሰው እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ነጥብ ከገባ እንደሚፈርም አሳወቀ። ጠባቂው ግን ከከተማ የሚላክ ሳይሆን ወንዙን የሚያውቅ የዚያው ሰፈር ሰው እንዲሆን ጠየቀ። ተቀበልነው።

መልስ 24 ከወዲያኛው ዳር፣ ከፍቼ በኩል ነው። ብርብራው በእነሱም በኩል እንደሚበተን፣ መረብ የሚዘረጉትም ተባረሩ ሲባል ወንዙን ተሻግረው እንደሚቀጥሉ ነገረን። ደብዳቤው ወደ እነሱም ወረዳ ካልገባ ሥራው ግማሽ እንደሆነ ገለጸ። ራሱ ሊያስገባው ፈቃደኛ ነው። የጠየቀው በአፋን ኦሮሞም እንዲዘጋጅለት ብቻ ነው። መምህርቷ የምትረዳ የሥራ ባልደረባ እንዳለቻት ጻፈች። የዓለም ከተማው ልጅ የመርሐቤቴን ቅጂ ይይዛል። የእንሳሮ ወረዳን ቅጂ እኔ ይዤ ለሚ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ። መፈረም የምትፈልጉ ስማችሁንና የምታጠምዱበትን ቦታ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ እዚህ ውይይት ላይ ስልክ ቁጥር አትለጥፉ።